በሸራ ጀልባ ለሚኖር ቤተሰብ የደጋ ስንቅ አዘገጃጀት

በሞቃት ደሴቶች መካከል በሸራ ጀልባ እየተዘዋወረ የሚኖር ቤተሰብ ጀልባው ቤቱም ጎተራውም ስለሆነ፣ ከገበያ ርቆ የሚሰነብትበትን ጊዜ አስቀድሞ ማስላት አለበት። በፓስፊክ ውቅያኖስ ከጋላፓጎስ ደሴቶች ተነሥቶ ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች የሚሻገር ጀልባ 3,000 ያህል የባሕር ማይል፣ ማለትም ከ5,500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ አንድም ወደብ ሳያገኝ ይጓዛል፤ ጉዞውም እንደ ነፋሱ ሁኔታ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። ለእንዲህ ያለው መንገድ ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆይ፣ ሲያስፈልግም ያለ እሳት የሚበላ ምግብ ያሻል። የሰሜን ሸዋ ደጋ ሰው ለዘማችና ለመንገደኛ ሲያሰናዳ የኖረው ይህንኑ በመሆኑ፣ በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ ወይም በአንኮበር ያሉ ወላጆች በባሕር ላይ ለሚኖሩ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የሚልኩት ስንቅ፣ በእኔ እምነት፣ በየወደቡ ከሚሸጠው የታሸገ ምግብ ይልቃል።

ጊዜውም የተመቸ ነው። በደቡብ ፓስፊክ ብርቱ አውሎ ነፋስ የሚያሰጋው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ስለሆነ፣ ከፓናማ በኩል የሚሻገሩ ብዙዎቹ ጀልባዎች ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይነሣሉ። የደጋው ገብስ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ይወቃል፤ የበጋው አየርም ደረቅ ነው። ስለዚህ ሥራው በታኅሣሥ ተጀምሮ በጥር ቢያልቅ ስንቁ በጊዜው ይደርሳል።

ከሁሉ የሚቀድመው በሶ ነው። ገብሱ ተለቅሞና ተሸክሽኮ፣ ሳያርና ጥሬ ሳይቀር እኩል ይቆላል፤ ከዚያም ደቅቆ ይፈጫል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከወፍጮ የመጣ ዱቄት ለብ እንዳለ ከታሸገ በዕቃው ውስጥ ያልበውና ይሻግታል። በንጹሕ ጨርቅ ላይ በስሱ ተሰጥቶ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ የግድ ነው። ማዕበል በርትቶ ምድጃ መለኮስ በማይቻልበት ቀን በሶ በቅቤና በበርበሬ ታሽቶ ቤተሰቡን ያጠግባል፤ የባሕር ሕመም በሚጸናባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ደግሞ በውኃና በማር ቀጠን ተደርጎ ሲበጠበጥ ሌላ ምግብ ያልተቀበለ ሆድ ሊቀበለው ይችላል። ጾምም ፍስክም ያገለግላል።

ሽሮና በርበሬ ከመታሸጋቸው በፊት የነቀዝን ነገር ማሰብ ይገባል። የደብረ ብርሃን ውርጭ እንቁላሉን አይገድለውም፤ ዱቄቱን አየር በማያስገባ ዕቃ አድርጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ለ4 ቀን ማቆየት፣ ካወጡት በኋላም ዕቃው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳይከፍቱ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጨው ከተለመደው ያነሰ ይሁን፤ በጀልባ ላይ ንጹሑን ውኃ ለመቆጠብ ከወደብ ርቆ የተቀዳ የባሕር ውኃ በወጡ ውስጥ በጥቂቱ ይጨመራልና ጨው የበዛበት ሽሮ አይበላም።

ድርቆሹ በእጅ ሲሰበር ድምፅ እስኪሰጥ ይድረቅ። የጨው አየር እርጥበትን ስለሚስብ አንድ ጊዜ የተከፈተ ዕቃ በጥቂት ቀናት ይለዝባል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር በግማሽ በግማሽ ኪሎ ተከፋፍሎ ቢታሸግ ይሻላል። ቅቤው ውኃው ጨርሶ እስኪወጣ ይነጠር፤ ደብረ ብርሃን ላይ የረጋው ቅቤ በጀልባው ሙቀት ዘይት ሆኖ ስለሚፈስ ክዳኑ በጥምዝ የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ይፈልጋል። ብርጭቆ ይሰበራል፣ ቆርቆሮም ይዝጋል። ቅቤና ቋንጣ ከመላካቸው በፊት የሚደረስበት አገር ሕግ መጠየቅ አለበት፤ ብዙ የደሴት አገሮች የእንስሳት ተዋጽኦንና ጥሬ እህልን ይከለክላሉ፤ የያዙትን ለተቆጣጣሪው አለማሳወቅም ያስቀጣል።

የምግብ አበሳሰሉም ከደጋው ይለያል። ውኃ በደብረ ብርሃን ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ በባሕር ወለል ግን በ100 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ ምስሩና አተሩ በቶሎ ይበስላል፤ ጋዝም ይተርፋል። ሊጡም በሙቀቱ ፈጥኖ ይቦካልና የደጋውን ቀን ቆጥሮ የሚጠብቅ ሰው ከልክ በላይ የኮመጠጠ ሊጥ ያገኛል። እንጀራ የሚጋገረው ጀልባው መልሕቅ ጥሎ ሲቆም ነው፤ የሊጡ ዕቃ ከግማሽ በላይ አይሞላ። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካመለጠ በጀልባው ሆድ ይጠራቀምና በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ስለዚህ ምግቡ በበሰለ ቁጥር ከሲሊንደሩ ላይ መዝጋት ሕፃናቱም ሊያውቁት የሚገባ ደንብ ነው።

«ባሕር ላይ ዓሣ መች ይጠፋል» ብሎ ስንቅ መቀነስ አደገኛ ነው። በሞቃት ባሕር ሪፍ ከሚባለው፣ በባሕር ውስጥ ካለ የዛጎል ድንጋይ ክምር አካባቢ የሚያዙ ትልልቅ ዓሦች፣ በተለይ ባራኩዳና ግሩፐር፣ ሲጓቴራ የሚባለውን መርዝ ሊይዙ ይችላሉ፤ መርዙን መቀቀልም መጥበስም አያጠፋውም። በዚያው በፓስፊክ እንደ ቱዋሞቱ ባሉት ዝቅተኛ ደሴቶች ያለው ሱቅም የሚሞላው የጭነት መርከብ ሲመጣ ነው።

መጠኑ ሲሰላ የጉዞው ቀን ላይ ግማሹ ይጨመራል። ለ4 ሰው ለ24 ቀን የታሰበ ስንቅ 36 ቀን የሚያደርስ ይሁን። ውኃውም ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን ለአንድ ሰው 4 ሊትር ቢያዝ ለ36 ቀን 576 ሊትር ይሆናል፤ የባሕር ውኃ ማጣሪያ ያለው ጀልባ ከዚህ ያነሰ ሊይዝ ይችላል፣ ነገር ግን መሣሪያው ቢበላሽ ወደብ የሚያደርስ ውኃ በታንከር መኖር አለበት።

ስንቁ ሲደርስ ካርቶኑ የበረሮ እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል ከወደቡ ላይ ይቅር። ከባዱ ዕቃ በጀልባው መካከልና ታች ይቀመጥ፤ የወረቀት ምልክት በእርጥበት ስለሚላቀቅ የምግቡ ስምና የታሸገበት ወር በማይለቅ ቀለም ክዳኑ ላይ ይጻፍ፤ በየሳምንቱም ከየዓይነቱ አንዳንድ ዕቃ ተከፍቶ ይሽተት።