በመሃል አዲስ አበባ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የወባ ትንኝ እጭ እንዴት ይፈተሻል?

ወባ የቆላ በሽታ ነው የሚለው አባባል በአዲስ አበባ ነዋሪ ዘንድ የተለመደ ነው፤ መሠረትም አለው። የከተማዋ መሃል ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አማካይ ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም አይርቅም፤ ገዳዩ የወባ ተሐዋሲ ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም ግን በትንኟ ሰውነት ውስጥ ዕድገቱን ለመጨረስ ወደ 18 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1958 በወይናደጋና በደጋማ አካባቢዎች ተዛምቶ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ የሚገመተው ወረርሽኝ፣ ከፍታ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን አሳይቷል።

የዛሬው ስጋት ሌላም መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ከእስያ የመጣች ትንኝ በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ተገኘች፤ በድሬዳዋ በ2022 የተነሣውን ወረርሽኝ ያጠኑ ተመራማሪዎችም ከእርሷ ጋር አያይዘውታል። በአገራችን ዋነኛዋ አስተላላፊ አኖፌለስ አራቢየንሲስ በአብዛኛው ዝናብ ባቆረው ውሃና በመስኖ ዳር ስትራባ፣ ይህችኛዋ በርሜልና ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃም ይስማማታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ በካዛንቺስም ሆነ በልደታ ኮንክሪት የሚያጠጡ ሳይቶች በበዙበት ከተማ፣ ማጠራቀሚያን በሥርዓት መፈተሽ ርካሽና ጠቃሚ የጥናት ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የግቢውን ባለቤት ወይም የሳይቱን ኃላፊ ያስፈቅዱ፤ ለጥበቃውም የመጡበትን ጉዳይ በሚገባ ያስረዱ፤ የትኛው በርሜል ለስንት ቀን ሳይነካ እንደቆየ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ ብዙ ጊዜ አይገኝምና። ፍተሻው የሚካሄደው 350 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ነጭ ጭልፋ ነው። ነጭ መሆኑ ጥቁር ወይም ቡናማ እጭ ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋል፤ መጠኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ደግሞ የአንዱን ቦታ ውጤት ከሌላው ጋር ለማነጻጸር ያስችላል።

ወደ ውሃው ሲቀርቡ ጥላዎ እንዳያርፍበት ይጠንቀቁ፤ እጮች ጥላ ወይም ንቅናቄ ሲሰማቸው ወደ ታች ይጠልቃሉና። ከጠለቁ ጥቂት ደቂቃ ታግሠው እስኪመለሱ ይጠብቁ። ከዚያም ጭልፋውን አዘንብለው፣ የውሃውን ገጽ ብቻ ወደ ውስጥ እንዲያስገባ አድርገው፣ በዝግታ ይቅዱ፤ በተለይ ጥጋጥጉንና ቅጠል የተንሳፈፈበትን አይዝለሉ። ለመጠጥ የሚውል ውሃ ከሆነ ግን በቅድሚያ በባትሪ እያበሩ ይመልከቱ፤ መቅዳት ካስፈለገም ሌላ ውሃ ያልነካ ንጹሕ ጭልፋ ይጠቀሙ።

ወባ አስተላላፊ ትንኞች የሚመደቡበት የአኖፌለስ ወገን እጭ መተንፈሻ ቱቦ ስለሌለው ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል። በከተማችን ቱቦዎችና ቦዮች በብዛት የሚታየው፣ ኩሌክስ የተባለው የሌላ ትንኝ ወገን እጭ ግን በመተንፈሻ ቱቦው ተንጠልጥሎ ራሱን ወደ ታች ይዘቀዝቃል። ይህን ልዩነት ማንም ሰው በዓይኑ ሊለየው ይችላል። ከዚህ አልፎ ግን “ይህ ስቴፈንሲ ነው” ብሎ በዓይን መፍረድ አይገባም፤ ዝርያውን ለመለየት ማይክሮስኮፕ፣ ለማረጋገጥም የዘረመል ምርመራ ያስፈልጋል። ስለዚህ የተገኘውን እጭ በ80 በመቶ አልኮል ውስጥ አኑረው፣ ቀኑንና ቦታውን በእርሳስ ጽፈው (የእስክርቢቶ ቀለም በአልኮል ይጠፋል)፣ በከተማው የጤና ቢሮ በኩል ወይም እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አክሊሉ ለማ ኢንስቲትዩት ላሉ የምርምር ተቋማት ያድርሱ። እጩን በሕይወት ይዞ ከሰፈር ወደ ሰፈር መዞር ትንኟን በራስ እጅ ማሠራጨት ሊሆን ስለሚችል ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባል።

መዝገቡ ላይ የማጠራቀሚያው ዓይነት፣ ክዳን ይኑረው አይኑረው፣ የውሃው ሙቀት፣ ከፍታው፣ ስንት ጭልፋ እንደተቀዳና ስንት እጭ እንደተገኘ ይስፈር። እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው፣ ምንም ያልተገኘባቸው ማጠራቀሚያዎችም ከእነ ዝርዝራቸው መጻፍ እንዳለባቸው ነው። ባዶ የተገኙት ካልተመዘገቡ፣ ትንኟ በኋላ ብትገኝ መቼ እንደገባች ማወቅ አይቻልም፤ እጭ የተገኘባቸው ብቻ የሞሉበት መዝገብም የከተማዋን መልክ አጋንኖ ያሳያል።

የትንኝ መገኘትና የወባ በከተማ ውስጥ መተላለፍም ለየቅል መሆናቸው አይዘንጋ። በመሃል ከተማ ወባ የተገኘበት ሰው ወደ መተሐራ፣ ወደ ጋምቤላ ወይም ወደ ሌላ ወባማ ቦታ ሄዶ እንደነበር በጥንቃቄ ሊጠየቅ ይገባል። ሰውየው በቅርብ አልተጓዝኩም ቢልም መደምደሚያ ላይ አይደረስም፤ ሌላው የወባ ተሐዋሲ ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ጥያቄው ቢያንስ የአንድ ዓመት ጉዞን መሸፈን አለበት።

እጭ ከተገኘ ናሙናው ከተወሰደ በኋላ፣ መደፋት የሚችለው ውሃ ደረቅ መሬት ላይ ይደፋ፤ የበርሜሉ ግድግዳ እንቁላል እንዳይቀርበት ይፈተግ፤ መደፋት የማይችለው ደግሞ ትንኝ በማያሳልፍ ክዳን ወይም ወንፊት ይከደን። እጩን ለመግደል ብሎ ያረጀ የሞተር ዘይት ማፍሰስ ውሃውንና አፈሩን ስለሚበክል አይመከርም። ከሳምንት በኋላ ወደዚያው ማጠራቀሚያ ተመልሰው፣ በዚያው ጭልፋ፣ በዚያው ቁጥር ቀድተው ውጤቱን ከመጀመሪያው አጠገብ ያስፍሩት።