ከሆኪ ፍጻሜ በኋላ ስንከራከር የምንሠራቸው ስህተቶች

እኔ ቶሮንቶ ነኝ፤ የአክስቴ ልጅ ሚኒሶታ። ሁለታችንም አገር ቤት እያለን በረዶን የምናውቀው ፍሪጅ ውስጥ ነበር። አሁን ግን ካናዳና አሜሪካ በአይስ ሆኪ በተገናኙ ቁጥር ዝምድናችን ለጥቂት ቀናት ይቋረጣል።

ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2025 የአራቱ አገሮች (የካናዳ፣ የአሜሪካ፣ የስዊድንና የፊንላንድ) ውድድር ፍጻሜ ቦስተን ላይ ተደረገ። ካናዳ አሜሪካን 3 ለ 2 አሸነፈች። ኮነር ማክዴቪድ የማሸነፊያዋን ጎል ያስቆጠረው ጭማሪ ሰዓቱ 8 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ሲል ነው። 8 ደቂቃ ከ20 ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ወንድሜ፣ እኛ እኮ በግማሽ ቡድን ነው የተጫወትነው!»

እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነታረክን። እዚህ የምጽፈው እሱም እኔም ያን ሌሊትና ከዚያ ወዲህ የሠራናቸውን ስህተቶች ነው።

የራስን ጉዳተኛ ብቻ መቁጠር

የአክስቴ ልጅ ዝርዝሩን በቃሉ ይዞታል። ተከላካዩ ክዊን ሂዩዝ በጉዳት ውድድሩን ጭራሽ አልጀመረም። ሌላው ተከላካይ ቻርሊ ማካቮይ ትከሻውን ተጎዳ፣ ቁስሉ አመረቀዘና ሆስፒታል ገባ። ማቲው ካቸክ በምድብ ጨዋታው ተጎድቶ ለፍጻሜው ቢመለስም መጨረሻ አካባቢ በረዶው ላይ ብዙም አልታየም። ሁሉም እውነት ነው።

«የእኛስ?» አልኩት። ሼይ ቲዮዶር በመጀመሪያው ጨዋታ፣ ከስዊድን ጋር፣ ተጎድቶ ውድድሩ አበቃለት። ጆሽ ሞሪሲ የፍጻሜው ዕለት ታመመ። በምትኩ የገባው ቶማስ ሃርሊ መጀመሪያ በተመረጠው ቡድን ውስጥ ስሙ እንኳን አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ «እሱ ሌላ ነው» አለኝ።

ሌላ አይደለም። ግን ልብ በሉ፣ ቁጥር ከቁጥር ማጣፋትም አያዋጣም። እኔ የሠራሁት ስህተት ይሄ ነው። ሁለት ለሁለት ሆነ ብዬ ልዘጋው ፈለግሁ። መጠየቅ ያለበት የጎደለው ሰው ምን ቦታ ነበር የሚጫወተው፣ የተተካውስ በማን ነው የሚለው ነው። አሜሪካ ያጣቻቸው ሁለቱ ተከላካዮች ፓኳን ከኋላ ይዘው የሚወጡ ናቸው። (ፓክ ማለት ያቺ ጠፍጣፋ የጎማ ክብ ናት፤ ኳስ ካላችኋት የአካባቢው ሰው ይስቅባችኋል።) የእነሱ ጉድለት ከአንድ አጥቂ ጉድለት የበለጠ ይሰማል። በዚህ ነጥብ የአክስቴ ልጅ ትክክል ነበር። ለእሱ ግን አልነገርኩትም።

የ2014ቱን የሶቺ ኦሊምፒክ የወንዶች ፍጻሜም እንውሰድ። ስዊድን በካናዳ 3 ለ 0 ስትሸነፍ ሄንሪክ ሴዲን በጉዳት ሶቺ አልሄደም። ሄንሪክ ሴተርበርግ በጀርባ ሕመም ውድድሩን አቋርጧል። ኒክላስ ቤክስትሮም ደግሞ ጨዋታው ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ከቡድኑ ወጣ። ምክንያቱ ለአለርጂ የሚወስደው መድኃኒት በዶፒንግ ምርመራ መታየቱ ነው። ስዊድኖች ዛሬም ይንገበገባሉ። ካናዳም በፊናዋ ስቲቨን ስታምኮስን እግሩ ተሰብሮ፣ ጆን ታቫሬስን ከላትቪያ ጋር ጉልበቱን ተጎድቶ አጥታለች። ያም ሆኖ በስድስት ጨዋታ የገባባት ሦስት ጎል ብቻ ነበር። «እነዚያ ቢኖሩ ኖሮ» የሚል ሰው ይህን ግድግዳ እንዴት እንደሚያልፉት አብሮ ይንገረን።

ሐኪም መሆን

በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ልማድ ቡድኖች የተጫዋችን ጉዳት በዝርዝር አይናገሩም። «የላይኛው አካል ጉዳት» ወይም «የታችኛው አካል ጉዳት» ይላሉ፣ አለቀ። የላይኛው አካል ማለት ከወገብ እስከ ፀጉር ነው። ትከሻም ሊሆን ይችላል፣ ጣትም፣ ጭንቅላትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተጋጣሚ የታመመውን ቦታ ካወቀ እዚያው ይመታል።

ደጋፊው ግን ክፍተቱን ራሱ ይሞላል። የማካቮይ ነገር ሲሰማ ማታውኑ ሁሉም ስለ ኢንፌክሽን አዋቂ ሆኖ አደረ። ማን አጠፋ፣ ማን ዘገየ፣ መርፌው ምን ነበር... የአክስቴ ልጅ መኪና ነው የሚነዳው፤ ያን ሌሊት ግን አጥንት ሐኪም ነበር።

የዚህ ተቃራኒም አለ። «ቆሞ እየሄደ ነው፣ ምንም አልሆነም» ማለት። የካናዳውን ኮከብ ሲድኒ ክሮዝቢን አስታውሱ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2011 ጭንቅላቱን ተመታ። ከአራት ቀን በኋላ ሌላ ጨዋታ ተጫወተ፣ እንደገና ተመታ። ከዚያ እስከ ኖቬምበር አልተመለሰም። በቴሌቪዥን ያየነው በእግሩ የሚሄድ ሰው ነበር።

ጉዳትን ሁሉ የዕድል ጉዳይ ማድረግ

አንዳንድ ጉዳት ተፈልጎ የሚመጣ ነው። በ1972 ካናዳና ሶቪየት ኅብረት ስምንት ጨዋታ ተጫወቱ። በስድስተኛው የካናዳው ቦቢ ክላርክ የሶቪየቱን የቫሌሪ ካርላሞቭን ቁርጭምጭሚት በዱላ መታው። ካርላሞቭ ሰባተኛው አመለጠው፣ ስምንተኛውን እያነከሰ ተጫወተ። ካናዳ ሦስቱንም የመጨረሻ ጨዋታዎች አሸነፈች፤ የመጨረሻዋ ጎል የገባችው 34 ሰከንድ ሲቀር ነው። እዚህ ቶሮንቶ ስለ ጎሏ የማይተርክ ሽማግሌ የለም። ስለ ቁርጭምጭሚቱ ስትጠይቀው ግን ቡናው ይበርድበታል።

በነገራችን ላይ በዚያው ስምንተኛ ጨዋታ ዤን ፖል ፓሪዜ በቅጣት ተናዶ ዱላውን ዳኛው ላይ ሰነዘረና ተባረረ። አልመታውም እንጂ። በ2010 የቫንኩቨር ኦሊምፒክ ፍጻሜ ካናዳ ላይ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች አቻ የምታደርገውን ጎል ለአሜሪካ ያስቆጠረው ዛክ ፓሪዜ የዚያ ሰው ልጅ ነው።

የትኛው ሕግ እንደሆነ አለመጠየቅ

ይህ የክርክራችንን ግማሽ ያስቀር ነበር። የአራቱን አገሮች ውድድር ያዘጋጀው ኤንኤችኤል ከተጫዋቾች ማኅበሩ ጋር ነው፤ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ውድድር አልነበረም። ፌብሩዋሪ 15 ሞንትሪያል ላይ ካናዳና አሜሪካ በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ሰከንዶች ሦስት ጊዜ ቡጢ ሲገጥሙ፣ የተደባደቡት ስድስቱም አምስት አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ተመለሱ። በፌዴሬሽኑ ሕግ ቢሆን ቀጥታ ወደ መልበሻ ክፍል ነበር የሚሄዱት። «ዳኛው ለምን አላባረራቸውም?» ብሎ የጮኸ ሰው የጮኸው በሌላ መጽሐፍ ነው።

ጭማሪ ሰዓቱም እንዲሁ። የቦስተኑ ፍጻሜ ከበረኛ ውጪ አምስት ለአምስት ነበር፤ የ2010 የወንዶችና የ2014 የሴቶች የኦሊምፒክ ፍጻሜዎች አራት ለአራት። ሰው ቀንሶ ሜዳው ሲሰፋ ሩጫው ይበዛል፣ ከኋላ መጎተቱም አብሮ ይበዛል።

ሁለት ጥያቄን አንድ ማድረግ

ኤፕሪል 14 ቀን 2019፣ ኤስፖ፣ ፊንላንድ። የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ። እስከዚያ ዓመት ድረስ ፍጻሜው ሁልጊዜ የካናዳና የአሜሪካ ነበር። ያን ቀን ግን ፊንላንድ በሜዳዋ፣ በሕዝቧ ፊት ቆመች። በረኛዋ ኖራ ራቲ 50 ሙከራ አዳነች። 1 ለ 1 ሆኖ ጭማሪ ሰዓት ተገባ።

እዚያ ላይ ፔትራ ኒየሚነን አገባች። ጓንትና ዱላ ወደ ላይ ተወረወረ፤ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ተደራረቡ፤ አዳራሹ ፈነዳ። ዳኞቹ ግን ወደ ቪዲዮ ሄዱ። ከጎሏ በፊት አምበሏ የኒ ሂሪኮስኪ ከአሜሪካዋ በረኛ ከአሌክስ ሪግስቢ ጋር ተጋጭታ ነበር። ማየቱ ከአሥር ደቂቃ በላይ ፈጀ። የዓለም ሻምፒዮን ነን ብለው የተቃቀፉ ሴቶች ያን ሁሉ ጊዜ በረዶው ላይ ቆመው ጠበቁ።

ውሳኔው መጣ። ጎሉ ተሻረ፤ በረኛዋ ተነክታለች ተባለ። ግን በዚያው ቅጽበት በረኛዋም ሂሪኮስኪን ጠልፋለች ተብላ ተቀጣች። ፊንላንድ የቁጥር ብልጫ አገኘች፣ አላገባችም። በመለያ ምት አሜሪካ ወሰደችው።

የአክስቴ ልጅና እኔ ይህን ምስል ስንት ጊዜ እንዳየነው እንጃ። እሱ ባየው ቁጥር «ነክታታለች፣ ጎል አይደለም» ይላል። እኔ «ጠልፋታለች፣ ጎል ነው» እላለሁ። ሁለታችንም ለየብቻ ጥያቄ እየመለስን ነበር። በረኛ ተነክታለች ወይ? አንድ። በረኛዋ ራሷ አጥፍታለች ወይ? ሁለት። ለሁለቱም «አዎ» ሊባል ይችላል፤ ዳኞቹም ያሉት ይህንኑ ነው። የሚያከራክረው ቅደም ተከተሉ ነው። የጠለፈችው በረኛ ከሆነች፣ ግጭቱ ከመጥለፉ የመጣ ነው? ወይስ አጥቂዋ ልታመልጠው የምትችለው ግጭት ነበር? ፌዴሬሽኑ ለውሳኔው ጥብቅና ቆሟል። እኔ ግን የተጠለፈ ሰው የት እንደሚወድቅ እንዴት እንደሚመርጥ አልገባኝም።

ምስሉን ማቆም

አጭር ነው። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ያቆምና ጣቱን መስታወቱ ላይ ይተክላል። «ይኸው! እጇን አየህ?» በቆመ ምስል ሁሉም ሰው ወንጀለኛ ነው። በዝግታ የሚታይ ግጭት ሁሉ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል። ዳኛው ያየው በሙሉ ፍጥነት፣ አንድ ጊዜ፣ ራሱም እየተንሸራተተ ነው። መጀመሪያ በሙሉ ፍጥነት እዩት፤ ከዚያ አቁሙት።

«አራት ዳኛ ቆሞ!»

አራቱ አንድ ሥራ የላቸውም። ክንዳቸው ላይ ብርቱካናማ ምልክት ያሰሩት ሁለቱ ናቸው ቅጣት የሚሰጡት። የመስመር ዳኞቹ ኦፍሳይድንና ረጅም ምትን ይጠብቃሉ፣ ጠብ ይገላግላሉ፤ ተራ ጥፋት አይተው እንደ ዋና ዳኛ ፊሽካ አይነፉም። የተወሰኑ ከባድ ነገሮችን ብቻ ነው ሪፖርት የሚያደርጉት።

የመጨረሻውን ፊሽካ ብቻ ማስታወስ

ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2014፣ ሶቺ፣ የሴቶች ፍጻሜ። አሜሪካ 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ ካናዳ አንድ መለሰች። ሊያልቅ ሲል ካናዳ በረኛዋን አውጥታ ተጨማሪ አጥቂ አስገባች። የመስመር ዳኛዋ ከካናዳዋ ተከላካይ ጋር ተጋጨች። ፓኳ ለአሜሪካዋ ኬሊ ስታክ ደረሰቻትና ከሩቅ ወደ ባዶው ጎል ላከቻት። ፓኳ በረዶውን አቋርጣ... ቋሚውን መታች። 54.6 ሰከንድ ሲቀር ማሪ ፊሊፕ ፑላን አቻ አደረገች።

በጭማሪው ሰዓት ብሪታንያዊቷ ዳኛ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ቅጣት ሰጠች፤ አንዱ በካናዳ ላይ፣ ሁለቱ በአሜሪካ ላይ። ሦስተኛው ብቻዋን የምትገሰግሰውን ሃይሊ ዊክንሃይዘርን ከኋላ በዱላ ገፋች በተባለችው በሂላሪ ናይት ላይ ነው። ካናዳ አራት ለሦስት ሆና ፑላን 8 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ላይ ጨረሰችው።

አሜሪካውያን የሚያወሩት ስለ ናይት ቅጣት ብቻ ነው። ፓኳ አንድ ጋት ብትቀየር ኖሮ የመስመር ዳኛዋ ግጭት ካናዳን ወርቅ ያሳጣ እንደነበር የሚያነሳ የለም። እኛ ደግሞ ቅጣቱ ላይ ስንደርስ «ሕግ ሕግ ነው» ብለን ወሬ እንቀይራለን። አንዳንዱ እንዲያውም «ቅጣት ምት መሰጠት ነበረበት» ይላል።

እኔ ያን ምስል ባለፈው ሳምንት እንደገና አየሁት፣ በሙሉ ፍጥነት። ናይት የነካቻት አይመስለኝም። ዊክንሃይዘር የወደቀችው በራሷ ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን ካነበበ ይደውላል፤ አላነሳም።