የክሪኦል ቤተሰብን ሐረግ ለቅርስ ማኅበር ሲያቀርቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለቅርስ ማኅበሩ፣ ማለትም ከአንድ ሕዝብ መወለዱን በሰነድ ያረጋገጠን ሰው በአባልነት ለሚቀበለው ማኅበር፣ የላክነው ማመልከቻ ከአራት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። የማኅበሩ መዝጋቢ በአምስተኛውና በስድስተኛው ትውልድ መካከል በእርሳስ አስምራ፣ ከጎኑ አንዲት ጥያቄ ጽፋበታለች፦ «ይህች ሴት የዚህ ሰው ልጅ መሆኗን በምን አወቃችሁ?» አማቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡትና ዝም አሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት ያደጉት ነገር ስለሆነ፣ መጠየቁ ራሱ እንግዳ ሆነባቸው።

የባለቤቴ ቤተሰብ የሉዊዚያና ክሪኦል ነው፤ በዚህች የአሜሪካ ክፍለ ግዛት በቅኝ ግዛት ዘመን እዚያው የተወለዱ ሰዎች ዘር ማለት ነው። ከኒው ኦርሊንስ ወደ ሂዩስተን የተሻገሩት አያቶቿ ናቸው። በእኛ አገር ሰባት ቤት መቁጠር የአፍ ሥራ ነው፤ አንዱ ሽማግሌ ይቆጥራል፣ ሌላው ያርመዋል፣ ጋብቻው ይፈቀዳል ወይም ይቀራል። የቅርስ ማኅበር ግን እያንዳንዱን ልጅ ከወላጁ ጋር የሚያገናኝ ወረቀት ይፈልጋል። የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት ስም ደርድሮ መስጠት አይበቃም፤ በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ነገር መረጋገጥ አለበት። ልጆችዎ በእናት ወይም በአባት በኩል ወደ ሉዊዚያና የሚቆጥሩ ከሆነ፣ እኛ የሳትንባቸውን ቦታዎች ቀድመው ቢያውቁ ዓመታት ይተርፉልዎታል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዝነኛው ቅድመ አያት መነሣት

በየቤተሰቡ አንድ ዝነኛ ስም አይጠፋም። ሰውም ከዚያ ስም ተነሥቶ ወደ ራሱ ሊወርድ ይሞክራል። መንገዱ ግን ከታች ወደ ላይ ነው። ከራስዎ የልደት ምስክር ወረቀት ይነሡ፤ ወደ ወላጆችዎ፣ ከዚያም ወደ አያቶችዎ ይውጡ፤ አንዱ ትውልድ ሳይጸና ወደሚቀጥለው አይለፉ። ሉዊዚያና የልደት መዝገብን ከ100 ዓመት፣ የሞት መዝገብን ከ50 ዓመት በኋላ ለሕዝብ ክፍት ታደርጋለች፤ ባተን ሩዥ በሚገኘው የክፍለ ግዛቲቱ ቤተ መዛግብት ማየት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ወረቀቶች የሚያስወጣው የቅርብ ዘመድ ስለሆነ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ያስፈርሟቸው።

ከላይ መጀመር የሚያመጣውን ጣጣ ኬን ሪቨር በሚባለው የሉዊዚያና አካባቢ ታሪክ ማየት ይቻላል። ማሪ ቴሬዝ ኩዋንኩዋን በ1742 ናከቲሽ ውስጥ በባርነት ተወለደች። ክሎድ ቶማስ ፒየር ሜትዋዬ ከሚባል ፈረንሳዊ አሥር ልጆች ወለደች፤ በ1778 ነፃ ወጣች። ሜልሮዝ የሚባለውን የታወቀ የእርሻ ይዞታ ያቀናችው እርሷ ናት ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተነገረ፣ ጎብኚውም ይህንኑ ሲሰማ ኖረ። የዘር ሐረግ አጥኚዋ ኤልዛቤት ሾን ሚልስና ባልደረቦቿ የመሬት ሰነዶቹን ሲያገላብጡ ግን ይዞታው የልጇ የሉዊ ሆኖ ተገኘ፤ የእርሷ መሬት ሌላ ቦታ ነበር። እነዚያው ሰነዶች በባርነት የቀሩ ልጆቿንና የልጅ ልጆቿን ነፃነት እየገዛች እንዳወጣች ያሳያሉ። ለእኔ ይህ ከየትኛውም ቤት ይበልጣል።

ክሪኦልነትን የአንድ ቀለም ስም ማድረግ

ቃሉ ከፖርቱጋልኛና ከስፓኝኛ የመጣ ሲሆን፣ በቅኝ ግዛቱ ውስጥ እዚያው የተወለደ ማለት ነበር። በጥንቱ ሰነድ ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ክልሱም ክሪኦል ሊባል ይችላል። ከኬጀን ጋርም አይቀላቅሉት፤ ኬጀኖች ከ1755 ጀምሮ ከዛሬዋ ካናዳ ምሥራቃዊ ክፍል የተባረሩት የአካዲያ ሰዎች ዘር ናቸው፤ ምንም እንኳ በጋብቻ ብዙ ቦታ ቢዋሐዱም። ማኅበርዎ ክሪኦል የሚለው ማንን እንደሆነ፣ የትኛውን ዘመንና ቦታ እንደሚጠይቅ ደንቡን አስቀድመው ያንብቡ።

በቆጠራ ላይ በተጻፈ ቀለም ሰውን መጣል

ይህኛው ብዙ ቤተሰብ የሚጠፋበት ስህተት ነው፣ ስለዚህ ቆም ልበልበት።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ በ2025 ሲመረጡ፣ የኒው ኦርሊንሱ የዘር ሐረግ አጥኚ ጃሪ ሆኖራ የእናታቸውን ወላጆች መዝገብ አወጣ። ጆዜፍ ማርቲኔዝና ሉዊዝ ባኪዬ በከተማዋ ሰባተኛ ዋርድ በሚባለው ሰፈር የኖሩ ክሪኦሎች ነበሩ። የ1900 የሕዝብ ቆጠራ ጥቁር ብሎ መዝግቧቸዋል፤ የጆዜፍን የትውልድ ቦታም ሄይቲ ይለዋል። ቤተሰቡ ወደ ቺካጎ ሄደ። በ1920 ቆጠራ እነዚያው ሰዎች ነጭ ሆነው ተጻፉ። በቀለም ብቻ የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ቤተሰቦች ለየብቻ አስቀምጦ ያልፍ ነበር።

የቀለሙን ዓምድ የሚሞላው በር ላይ የቆመው ቆጣሪ ነው፤ አይቶ ይጽፋል፣ ወይም ጎረቤት የነገረውን ይጽፋል። ሰዎቹም የሚለወጡበት ምክንያት ነበራቸው። የኒው ኦርሊንሱ ጫማ ሠሪ ሆመር ፕሌሲ በ1892 በነጮች ባቡር ክፍል ተቀምጦ ታሰረ፤ በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲፈርድበት የመለያየት ሕግ ጸና። ከዚያ በኋላ ሥራ፣ ትምህርት ቤት፣ መኖሪያ ሰፈር፣ የባቡር ወንበር ሁሉ በቀለም ተቆረጠ። መልካቸው የፈቀደላቸው አንዳንዶች ወደ ነጮቹ ወገን ተሻገሩ፤ ቤተሰቡ ይህን «ፓሴ ብላን»፣ ነጭ ሆኖ ማለፍ፣ ይለዋል። ወንድም ሲሻገር እህት ትቀራለች፣ ደብዳቤም ይቆማል። ስለዚህ ሰውን የሚለዩት በዕድሜው፣ በልጆቹ ስም ቅደም ተከተል፣ በመንገዱ ስምና በሥራው ይሁን። በማመልከቻው ላይ ደግሞ መዝገቡ ያለውን እንዳለ ይጻፉ፤ የ1900ውን ለማስማማት የ1920ውን አያርሙ። የተሻገሩት ዘመዶች ልጆች ዛሬም በሕይወት ካሉ፣ ሳይነግሯቸው ስማቸውን በማንም ፊት አያውጡ።

ስምን በአንድ አጻጻፍ ብቻ መፈለግ

ሉዊዚያና በፈረንሳይ፣ በስፓኝና በአሜሪካ እጅ ያለፈች አገር ናት። ፈረንሳይ በ1762 ለስፓኝ ሰጠቻት፣ አሜሪካ በ1803 በገንዘብ ገዛቻት። ፍራንሷ በስፓኛዊ ቄስ ብዕር ፍራንሲስኮ ይሆናል፣ ዣን ኹዋን ይሆናል። በኒው ኦርሊንስ የቅዱስ ሉዊስ ካቴድራል ያገለገሉት ታዋቂው ካፑሲን መነኩሴ ራሳቸው በስፓኝኛ አንቶኒዮ ደ ሴዴያ፣ በሕዝቡ አፍ ፔር አንትዋን ነበሩ፤ ከ1803 በኋላም መዝገባቸውን በስፓኝኛ መጻፋቸውን አላቋረጡም። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ አይከብድም። ወልደ ማርያም የሚለው የክርስትና ስም በመዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ ሰፈሩ ሰውየውን በሌላ ስም ሲጠራው አድገናል። የሚያስቸግረን የቤተሰብ ስም ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ የሚወርድ ይመስለናል። ወላጆቹ ያልተጋቡ ልጅ የእናቱን ስም ይዞ አድጎ፣ ጎልምሶ የአባቱን ሊይዝ ይችላል። ከስም በኋላ የምትመጣ የሦስት ፊደል ምሕጻርም አለች፤ ነፃ ክልስ ወይም ነፃ ጥቁር መሆኑን የምትገልጽ ናት እንጂ የስሙ ክፍል አይደለችም።

የጥምቀት መዝገቡ ላይ መቆም

እኛን ያስመለሰን ይህ ነው። በእጃችን የነበረው የ1821 የጥምቀት ማስረጃ የእናትየዋን ስም ብቻ ይዟል፤ አባት አልተጻፈም። እኛ ቤተሰቡ ሁልጊዜ ሲል የኖረውን የአባት ስም ሞላንበት።

ያኔ በመዝገቡ ላይ አባት መቅረቱ ብርቅ አይደለም። የ1724ቱ የቅኝ ግዛት የባሪያ ሕግ በነጭና በጥቁር መካከል ጋብቻን ከልክሏል፤ በነፃ ሰዎች መካከልም ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ብዙ ነበሩ። በ1788 ከተማዋ ስትቃጠል 856 ሕንፃዎች ወደሙ፤ ቤተ ክርስቲያኑም አብሮ ተቃጠለ፣ ከመዝገቦቹም የጠፉ አሉ። ነገር ግን ሉዊዚያና በፈረንሳይና በስፓኝ የሕግ ልማድ የምትሄድ ስለሆነች ሰው ቤት ሲገዛ፣ ሲጋባ፣ ሲናዘዝ፣ ባሪያ ነፃ ሲያወጣ ኖታሪ ፊት ይቆም ነበር። እኛ ውልና ማስረጃ የምንለው ዓይነት ሥራ ነው። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የእነዚህ ውሎች ቤተ መዛግብት ወደ 40 ሚሊዮን ገጽ ይዟል።

ወደ ጥምቀቱ ተመልሼ ሳነበው፣ መጀመሪያ ጊዜ ያለፍኩት መስመር ዓይኔ ገባ። የሕፃኗ ክርስትና እናት የምትባለው ሴት አባቷ ነው የሚባለውን ሰው የቤተሰብ ስም ትጋራለች። ክርስትና አባትና ክርስትና እናት ከወላጆቹ ያልተናነሰ ዋጋ አላቸው፤ ክሪኦሎቹ ፓሬንና ማሬን ይሏቸዋል፣ ብዙ ጊዜ አጎትና አክስት ናቸው። ማስረጃ ግን አይሆንም፤ ፍንጭ ነው። በዚያ ፍንጭ የሰውየውን ስም ይዘን በኖታሪዎቹ የስም ማውጫ ውስጥ ገባን፤ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ የ1843 የጋብቻ ውል ወጣ። ቡናማ ቀለም፣ ጠርዙ የተበላ ወፍራም ወረቀት፣ ከታች ጅራቱ የተጠመዘዘ ፊርማ። ግንበኛው አባት ሙሽራዋን «ፊይ ናቱሬል» ብሎ ይጠራታል፤ የሚሰጣትን ጥሎሽም ይዘረዝራል፦ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ስድስት የብር ማንኪያ።

ይህችን ቃል ስንተረጉም ተከራክረናል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደች ማለት ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ዲቃላ ማለት ለምላስ የቀረበ ነው። እኔ አልተቀበልኩትም። በአማርኛው ቃል ውስጥ ስድብ አለ፣ በፈረንሳይኛው ውል ውስጥ ግን አባት ቆሞ ልጄ ናት እያለ ነው። ሕጋዊ ቃልን በሕጋዊ ቃል ይተርጉሙ፣ የዋናውንም ቅጂ አያይዙ።

1870 ላይ መቆም

በባርነት የነበሩ ሰዎችን በሙሉ በስማቸው የመዘገበው የመጀመሪያው የአሜሪካ ቆጠራ የ1870ው ነው። በ1850 እና በ1860 የተዘጋጀው የባሪያ ዝርዝር የባለቤቱን ስም ይጽፍና ሰዎቹን በዕድሜ፣ በፆታና በቀለም ብቻ ይደረድራል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ፋይሉን ይዘጋል።

አይዝጉት። ያ የ1724ቱ የባሪያ ሕግ ባሪያዎች እንዲጠመቁ ያዝ ስለነበር የካቶሊክ መዝገቦች ስማቸውን ይዘዋል። ባለቤቱ ሲሞት የውርስ ንብረት ቆጠራ ይደረጋል፤ እዚያ ላይ ሰዎች ከበሬና ከሸክላ ዕቃ ጋር በስማቸው፣ በዕድሜያቸው፣ በሙያቸው ይገኛሉ፤ አንዳንዴም ባምባራ፣ ማንዲንጋ ወይም ኮንጎ የሚል የትውልድ ሕዝብ ይጨመራል። የታሪክ ተመራማሪዋ ግዌንዶሊን ሚድሎ ሆል በ1719 እና በ1820 መካከል የነበሩ ከ100,000 በላይ ሰዎችን ከእነዚህ ሰነዶች ሰብስባ በኮምፒውተር መዝግባለች። በ1865 ተቋቁሞ በ1874 የወደቀው፣ ከባርነት የወጡ ሰዎች ገንዘብ የሚያስቀምጡበት የፍሪድማንስ ባንክ ደግሞ ደንበኞቹን የወላጆቻቸውን፣ የወንድምና የእህቶቻቸውን ስም ይጠይቅ ነበር። የጥቁር ወታደሮች የጡረታ ፋይልም የጎረቤት ምስክርነት የሞላበት ነው።

ከእነዚህ ቆጠራዎች አንዱ የአማቴን ቅድመ አያት እናት ከነሕፃኗ ይዞ ተገኘ። ከስሟ ጎን ዋጋዋ አለ። አማቴ ዋጋውን በጣታቸው ሸፍነው ስሟን ብቻ ጮክ ብለው አነበቡ።

የሚያሳፍረውን ማለፍ

ከነፃዎቹ ክልሶችና ጥቁሮች መካከል ራሳቸው ባሪያ የነበራቸው አሉ። አንዳንዱ ሚስቱን ወይም እናቱን ገዝቶ ነፃ ለማውጣት ነው፤ ሌላው ግን እርሻውን ሲያሠራበት ነበር። ሁለቱን የሚለየው የነፃነት ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱ ከሌለ መልካሙን አሳብ እርስዎ አይጨምሩበት። እነዚያ የተያዙት ሰዎችም ዛሬ ሐረጋቸውን የሚፈልጉ ዘመዶች አሏቸው። ቅድመ አያትዎን ለማክበር ብለው የጣሉት ገጽ የእነርሱ ብቸኛ ገጽ ሊሆን ይችላል።

ከኢንተርኔት ላይ የሰው ሐረግ መገልበጥ

በአንሰስትሪ ወይም በፋሚሊሰርች ላይ ያገኙት ሐረግ ጥቆማ ነው። ሃያ ሰው አንዱን ስህተት ከአንዱ ሲገለብጥ ሃያ ማስረጃ አይሆንም። ዲኤንኤም ዘመድነትን ያሳያል፤ የሞተችውን ሴት ስም ግን አይናገርም። የሚያዛምደውን ሰው ካገኙ በኋላ ወረቀቱን መፈለግ ይቀርዎታል።

ምንጩን ሳይጽፉ ቅጂ መላክ

በእያንዳንዱ ቅጂ ጀርባ ላይ የት እንደተገኘ፣ የመዝገቡን ቁጥር፣ ገጹንና ያገኙበትን ቀን በእርሳስ ይጻፉ። እኛ አሥራ አራት ቅጂ ሳንጽፍበት ሰብስበን ሁሉንም እንደገና ፈልገናል።

ሁለተኛው ማመልከቻ ከጋብቻ ውሉ ጋር ተላከ፣ ተቀባይነትም አገኘ። አንድ ነገር ግን በውስጡ የለም። አማቴ የሚሉት፣ የግንበኛው እናት በ1809 ከኩባ በመርከብ ከመጡት የሳን ዶማንግ (የዛሬዋ ሄይቲ) ስደተኞች አንዷ ነበረች። በ1809 እና በ1810 ወደ 9,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ስደተኞች ኒው ኦርሊንስ መግባታቸው እውነት ነው፣ ታሪኩም ሊሆን ይችላል። ድምፃቸውን ቀድተን፣ ማን ለማን እንደነገረ ከነቀኑ ጽፈን በተለየ ፖስታ አስቀምጠነዋል፤ የኖታሪዎቹን ማውጫ ከ1810 ጀምሮ ማየት የምንጀምረው በመጪው ክረምት ነው።