በሪሞት ሥራ ከዲሲ ወደ ገጠር ሲገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም፣ ቡና ላይ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ሥራዬ ሪሞት፣ ማለትም ቢሮ ሳይሄዱ ከቤት የሚሠራ፣ ከሆነ ይህን ሁሉ ኪራይ እየከፈልኩ እዚህ ምን አስቀመጠኝ? ለምን ዌስት ቨርጂኒያ ቤት አልገዛም?» እኔም ይህንኑ ብዬ ወጣሁ፤ አልተጸጸትኩም። ግዛቷ በ2010 እና በ2020 ቆጠራዎች መካከል (በፈረንጅ አቆጣጠር) ከሕዝቧ 3 በመቶ በላይ አጥታለች፤ በተወካዮች ምክር ቤት ከነበሯት 3 መቀመጫዎችም አንዱ በዚህ ሳቢያ ቀረ። ሰው የሚፈልግ አገር ነው። በዓመታቸው ዕቃቸውን ጭነው የተመለሱትንም ግን አይቻለሁ።

ቤቱን አይቶ ኢንተርኔቱን አለማየት

ሌላው ሁሉ ቀስ በቀስ ይስተካከላል፣ ይህኛው ግን እንጀራ ያሳጣል። ሻጩ «ኢንተርኔት አለ» ሲል አልዋሸም ይሆናል፤ ኢሜይል የሚያስነብብ መስመር ግን የቪዲዮ ስብሰባ አይችልም። የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2024 ለብሮድባንድ ያስቀመጠው መለኪያ ለማውረድ 100፣ ለመጫን 20 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። የኮሚሽኑ ካርታ በየአድራሻው ማን አገልግሎት እንደሚሰጥ ያሳያል፤ መረጃውን የሚያቀርቡት ግን ኩባንያዎቹ ራሳቸው ናቸውና በእሱ ብቻ አይወስኑ። የጎረቤት በር ያንኳኩ። «ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እንዴት ነው? በረዶ ሲጥልስ?» ይበሉ። ፋይበሩ በዋናው መንገድ ስላለፈ ቤትዎ ገባ ማለት አይደለም፤ ከመንገድ ራቅ ላለ ቤት የማስገቢያው ወጪ ከባድ ሊሆን ይችላል። ሳተላይትም ቢሆን ተራራና ዛፍ ሰማዩን ከጋረደው ይቆራረጣል።

አንድ ቦታ ደግሞ ለብቻው ልጥቀስ። በዌስት ቨርጂኒያዋ ግሪን ባንክ ላለው ግዙፍ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ሲባል ከ1958 ጀምሮ የራዲዮ ሞገድ የሚገደብበት 13,000 ስኩዌር ማይል የሚሸፍን ክልል አለ። ከቴሌስኮፑ አጠገብ ባሉ መንደሮች የሞባይል ኔትወርክም ዋይፋይም እንደ ልብ አይገኝም። እጅግ ውብ አገር ነው፤ በላፕቶፕ ለሚኖር ሰው ግን ይከብዳል።

የአለቃን ቃል እንደ ውል መቁጠር

«የትም ሆነሽ ሥሪ ብሎኛል።» አለቃ ይቀየራል፣ ፖሊሲም ይቀየራል። ጃንዋሪ 2025 ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን የፌዴራል ሠራተኞች ወደ ቢሮ እንዲመለሱ አዘዙ፤ በዚያው ወር አማዞንም የቢሮ ሠራተኞቹን በሳምንት ለ5 ቀን ጠራ። ሪሞት መሆንዎን፣ የሚኖሩበትን ስቴትና ደመወዝዎ በዚያ ምክንያት እንደማይነካ በጽሑፍ ይቀበሉ። ጽሑፉ ራሱ ዋስትና አይደለም፤ ስለዚህ ሥራው ቢቀር የቤቱን ብድር (ሞርጌጁን) ለጥቂት ወራት የሚሸፍን ገንዘብ ሳይዙ አይፈርሙ። ይህ የሚያስጨንቅዎ ከሆነ ማርቲንስበርግና ሃርፐርስ ፌሪ በሥራ ቀናት ወደ ዲሲ የሚሄድ የማርክ ባቡር አላቸው። በዚያ ወገን ያሉት የበርክሌይና የጀፈርሰን ካውንቲዎች ግዛቷ ስትቀንስ የጨመሩ ናቸው፤ ቤታቸውም የዚያኑ ያህል ይወደዳል።

ማበረታቻውን ተከትሎ መሄድ

አሴንድ ዌስት ቨርጂኒያ የተባለው ፕሮግራም በ2021 ሲጀመር ለሚመጣ ሪሞት ሠራተኛ 12,000 ዶላር አቀረበ፦ 10,000ው በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ የሚከፈል፣ 2,000ው ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ። ገንዘቡ ጥሩ ነው፤ ግን አመልክተው መመረጥ አለብዎ፣ ታክስም አለበት። ስለ ታክስ ከተነሳ፣ አሠሪዎ ኒውዮርክ ከሆነ በምርጫዎ ርቀው ቢሠሩም ኒውዮርክ ግብር ልትጠይቅዎ ትችላለችና ከመሄድዎ በፊት ሒሳብ ሠራተኛ ያማክሩ።

ጉድጓድና ሴፕቲክ

ከከተማ ውጭ ብዙ ቤት ውሃው ከራሱ ጉድጓድ፣ ፍሳሹም ወደ ራሱ ሴፕቲክ ታንክ (መሬት ውስጥ የተቀበረ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ነው። የግል ጉድጓድን ውሃ መንግሥት አይቆጣጠርልዎትም፤ የማስመርመሩ ኃላፊነት የባለቤቱ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱንም ያስፈትሹ።

ርቀትን በማይል ብቻ መለካት

ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች በቅድሚያ የሚጠየቀው የማዋለጃ ሆስፒታሉ ርቀት ነው፤ በገጠር ሆስፒታል ቢኖር እንኳ ማዋለጃ ክፍሉ የተዘጋበት ቦታ ብዙ ነው። ከዚያ የእኛው ኑሮ ይመጣል። ጤፍ ጭኖ ማምጣት ይቻላል። ለቅሶ፣ ክርስትና፣ የማኅበር ቀን ግን ተጭኖ አይመጣም፤ ሦስት ሰዓት ነድቶ የሚደረስበት ለቅሶ እያደር ይቀራል። ልጆችም ቋንቋውን የሚሰሙት ከሰው ነው። ቤት ከመግዛትዎ በፊት አንድ የበረዶ ወቅት ተከራይተው ይኑሩ፤ በጋውማ ማንንም ያማልላል።

«ባዶ መንደር ነው» ብሎ መግባት

ይህን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰው እየቀነሰ ነው የተባለ መንደር ባዶ አይደለም፤ የቀሩት ሰዎች በየቤቱ የወጣውን በስም ይቆጥራሉ። የድንጋይ ከሰል ሥራ ሲመነምን ማን መቼ እንደሄደ ያውቃሉ። እሳት የሚያጠፉት ፈቃደኞች ከመካከላቸው ናቸው፤ ሰው ካነሰ የሚመጣው መኪና ይዘገያል። እኔ ግን መጀመሪያ ሦስት ወር መጋረጃ ዘግቼ ከስክሪን ጋር ብቻ ኖርኩ። የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ጠዋት ስነሳ መግቢያዬ ተጠርጓል። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የማዕድን ሠራተኛ ናቸው፤ ሳይጠየቁ ነው ያደረጉት። ድፎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። በዚያ ቀን ስለ መስመሩ መቆራረጥ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ መንገዱ የነገሩኝን ከመግዛቴ በፊት ብሰማ ኖሮ ብዙ ወጪ ይቀርልኝ ነበር። ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ከወጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ታኅሣሥ 29 ገናን እኛ ቤት ዋሉ።