የአያቴ ንቅሳት የት ገባ? በቤተሰብ ፎቶ ዲዛይን ስትማሩ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ዲዛይን ስጀምር የምለማመደው ከኢንተርኔት ባወረድኩት የፈረንጅ ሞዴል ፎቶ ነበር። ቆዳዋን ባቀላው፣ አፍንጫዋን ባጣምመው የሚቆጣኝ የለም። ከዚያ የአያቴን ፎቶ ያዝኩ። አክስቴ ከሶፋዋ ሳትነሳ ስህተቴን ትቆጥርልኝ ጀመር።

ለዚህ ነው ጀማሪ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን አልበም አውርድ የምለው። የምታውቁት ፊት ሲበላሽ ቶሎ ይታወቃችኋል። ችግሮቹን በሚታዩበት መልክ አስቀምጫቸዋለሁ፤ የገጠማችሁን ፈልጉ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል፦ ሁልጊዜ ቅጂው ላይ ሥሩ፣ ዋናውን ፋይል አትንኩ።

ስልክ ላይ ጥርት ያለው ፎቶ ሲተልቅ ይፈርሳል

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአላላክ ነው። ሐዋሳ ያለችው እህታችሁ አልበሙን በስልኳ አንስታ በቴሌግራም ትልካለች። እንደ ፎቶ ከላከችው መተግበሪያው ጨምቆ ያሳንሰዋል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ እንደ ፋይል ትላከው። የተጨመቀውን ከሆነ የያዛችሁት፣ ሁለት ሰዓት ከመታገል ደውሎ እንደገና ማስላክ ይሻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ስካን ሲደረግ የተመረጠው ቁጥር ነው። 3 በ4 ሴንቲሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን ቢደረግ ወርዱ 350 ፒክስል ገደማ ብቻ ነው። በ1200 ግን 1400 ያልፋል፤ ያ ደግሞ 12 ሴንቲሜትር ወርድ ባለው ወረቀት ላይ በጥራት ይታተማል። ለፖስታ ካርድ መጠን ፎቶ 600 ይበቃል። ለሙት ዓመት ባነር 900 ፒክስል ወርድ ያለው ፎቶ አምጥታችሁ አንድ ሜትር ላይ ብትዘረጉት በአንድ ኢንች 23 ፒክስል ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። ከመንገድ ማዶ ለሚያየው ምንም አይል። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ግን የሚያየው አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ነው።

ፎቶው ላይ ነጭ ብልጭታ ወይም የራሳችሁ ጥላ አለ

ፍላሹን አጥፉ። ፎቶውን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙት፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ጥቁር ነገር ልበሱ። እኔ ነጭ ነጠላ አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ሳነሳ ነጠላዬ አያቴ ግንባር ላይ አርፎ አገኘሁት።

ወረቀቱ ሸካራ ከሆነ፣ ያ እንደ ማር እንጀራ የተፈለፈለ ዓይነት፣ ስካነር ፊቱን በነጠብጣብ ይሞላዋል። ስካነሩ የሚያበራው ከአንድ አቅጣጫ ስለሆነ እያንዳንዷ ጉድጓድ ጥላ ትጥላለች። እንዲህ ያለውን ከግራና ከቀኝ እኩል ብርሃን ሰጥታችሁ በስልክ ብታነሱት ይሻላል።

ፎቶው ከአልበሙ አልላቀቅ አለ

አትጎትቱት። የሚያጣብቅ ገጽ ያላቸው አልበሞች ሙጫ ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ ቢጎተት ምስሉ ተልጦ ይቀራል። የጥርስ ክር ከሥሩ አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ እንደ መጋዝ መሳብ ትችላላችሁ። ካልሆነ እዚያው እንዳለ አንሱት። መስታወት ላይ የተጣበቀውንም ከነመስታወቱ።

ሁሉም ሰው ቀልቷል

የ60ዎቹና የ70ዎቹ ባለቀለም ፎቶዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ወረቀቱ ውስጥ ሦስት ቀለሞች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደበዝዘው ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ሲያን ነው። እሱ ሲሳሳ የቀሩት ሁለቱ ፎቶውን ወደ ቀይ ይስቡታል።

ጀማሪ ወዲያው የሚያደርገው ቀዩን መቀነስ ነው። ያኔ ሰዉ ሁሉ አመድ ይመስላል። ሌቭልስ የሚባለውን የብርሃንና የጥላ ማስተካከያ ክፈቱ፤ ፎቶሾፕም፣ በነጻ የሚገኘው ጂምፕም፣ በብሮውዘር የሚሠራው ፎቶፒያም አላቸው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን አንድ በአንድ እዩ። እዚያ በሚታየው ግራፍ ላይ የቀዩ ጉብታ ወደ ቀኝ ተሰብስቦ ግራው ባዶ ሆኖ ታገኙት ይሆናል። የግራዋን ጥቁር ሦስት ማዕዘን ጉብታው እስከሚጀምርበት አምጧት። ለሌሎቹም ጫፋቸውን እንዲሁ አስተካክሉ።

እኛ ደግሞ ሌላው የሌለው እድል አለን፦ ነጠላ። በየፎቷችን ውስጥ ነጭ መሆኑን የምናውቀው ነገር አለ። ግራጫውን የቀለም መልቀሚያ ይዛችሁ የነጠላውን እጥፋት ጥላ ንኩ። ደማቁን ነጭ ከነካችሁ አይሠራም። ፎቶው ብዙ ጊዜ በአንድ ጠቅታ ይመለሳል። ነጠላው የሳሙና ማስታወቂያ እስኪመስል ግን አትግፉት። የፈትሉ መስመር ከጠፋ አልፋችኋል ማለት ነው።

ፊቱ ጠራ፣ ሰውየው ግን ሌላ ሆነ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የወደቅኩት እዚህ ነው።

የአያቴ ፎቶ አንገቷ ላይ ታጥፎ ተሰንጥቆ ነበር። ሂሊንግ ብረሽ የሚባለውን፣ ጉዳትን በአካባቢው ቀለም የሚሸፍነውን መሣሪያ አተለቅኩና ከግራ ወደ ቀኝ ጠረግኩት። ስንጥቁ ጠፋ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፊት የሚያጠራ መተግበሪያ ውስጥ ከተትኩት። ዓይኗ አበራ፣ ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ተቆጠረ። ለአክስቴ አሳየኋት። መነጽሯን አደረገች፤ ዝም ብላ ቆየች።

"ቆንጆ ናት። ማናት?"

የአንገቷ ንቅሳት አልነበረም። ሦስቱን ረድፍ ከስንጥቁ ጋር አብሬ ጠርጌዋለሁ። የግንባሯን መስቀል ደግሞ መተግበሪያው እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ አንስቶታል። ዓይኗም የእሷ አልነበረም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፊቱ 50 ፒክስል ብቻ ከሆነ ፕሮግራሙ የሚያጠራው ነገር የለውም። ካያቸው ብዙ የሌሎች ሰዎች ፊቶች ተነስቶ ይገምታል። እናንተ አያታችሁን ሰጣችሁት፤ እሱ አያታችሁን የምትመስል ሴት ሰጣችሁ።

መፍትሄው የሚጀምረው ከሌየር፣ ማለትም ፎቶው ላይ ከሚደረብ ግልጽ ንብርብር ነው። ጥገናውን ባዶ ሌየር ላይ ሥሩ፤ ስትሳሳቱ እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ብቻ ታጠፋላችሁ። ብረሹን ከስንጥቁ ትንሽ ብቻ ሰፋ አድርጉ፤ ነካ ነካ እያደረጋችሁ እንጂ እየጠረጋችሁ አይደለም። ንቅሳት፣ ጠባሳ፣ ማርያም የሳመቻት ምልክት ከመነካቱ በፊት የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ። የመተግበሪያውን ውጤት መጠቀም ከፈለጋችሁ ከዋናው በላይ ሌየር አድርጉት፣ ኦፓሲቲውን (የሌየሩን ድፍንነት) ወደ 30 በመቶ አውርዱ፣ ዓይንና አፍን በማስክ፣ ማለትም የሌየሩን ክፍል ሳያጠፋ በሚደብቅ ሽፋን፣ ሸፍኑ። በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ ከሆነ ደግሞ ወደማታውቁት መተግበሪያ ከመጫናችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ።

ከጀርባው ስቆርጠው ነጠላው አብሮ ተቆረጠ

ነጭ ነጠላ በነጭ ግድግዳ ፊት ሲሆን ማሽኑ ድንበሩን አያይም። ጀርባ አጥፊውን ተጠቀሙ፣ ነገር ግን ማጥፊያ ሳይሆን ማስክ እንዲሆን አድርጉ። ከዚያ ያጠፋውን ትከሻ በነጭ ብረሽ እየቀባችሁ መልሱት። ጠርዙን በአንድ ወይም በሁለት ፒክስል አለስልሱት። አፍሮ ጸጉር ላይ ግን ዙሪያውን በመቀስ አትከርክሙ፤ ትንሽ የድሮው ጀርባ ቢቀር ይሻላል።

ከቡድን ፎቶ ሰው ስታስወጡ እጁን ፈልጉ። የተፋታ ባል ቆርጬ አውጥቼ ትከሻዋ ላይ ጣቶቹን ትቼ አውቃለሁ።

የአማርኛው ጽሑፍ ሳጥን ሆነ

ፎንቱ ግዕዝ የለውም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫኑ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ሳጥን ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ከሆነ ጽሑፉ የተተየበው ከዩኒኮድ (የየቋንቋውን ፊደል በአንድ ሥርዓት ከሚያስቀምጠው) በፊት በነበረ አሠራር ነው፤ ፎንት መቀየር ላይበቃ ስለሚችል እንደገና መተየብ ይቀላል። ቤታችሁ ደህና ሆኖ ማተሚያ ቤት ከተበላሸ፣ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ፎንቱ የለውም። ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ በፒዲኤፍ ውሰዱ፤ የሚታረመውን ቅጂ ግን አስቀሩ።

ዓመቱ አልገጥም አለ

ከጀርባው "ለማስታወሻ፣ 1968" የሚለው የእኛው ነው፤ በፈረንጅ 1975 ወይም 1976። ጥግ ላይ በብርቱካናማ የታተመው ቀን ግን ብዙ ጊዜ ፈረንጅኛ ነው። ዲዛይናችሁ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩ። የጀርባውንም ጽሑፍ ስካን አድርጉት፤ የአያት የእጅ ጽሑፍ ከየትኛውም ፎንት ይበልጣል።

ስክሪን ላይ ያማረው ታትሞ ጠቆረ

ስክሪን ራሱ ያበራል፣ ወረቀት አያበራም። ማታ ብርሃኑን እስከ ጫፍ ከፍታችሁ ከሠራችሁ ሁሉም ነገር ደማቅ ይመስላችኋል። ግማሽ ላይ አድርጉት። ማተሚያ ቤቱ አርጂቢ (የስክሪን ቀለም) ወይስ ሲኤምዋይኬ (የማተሚያ ቀለም) እንደሚፈልግ ቀድማችሁ ጠይቁ። ትልቁን ከማዘዛችሁ በፊት ከፎቶው ላይ ፊቱን ብቻ በትንሽ ወረቀት አሳትማችሁ ቤት ውሰዱት። እኔ ለአክስቴ ከእስክሪብቶ ጋር ነው የምሰጣት። ባለፈው አንድ ቦታ ብቻ አከበበች፦ አራተኛ የንቅሳት ረድፍ ጨምሬላት ኖሯል።