ሃርድ ዲስክ ከመቀየሩ በፊት ኬብሉ ይታይ

አዳማ የሚገኝ ሱቅ ሒሳብ የተያዘበት ዴስክቶፕ ነው። ፋይል ሲገለበጥ መሃል ላይ ቀጥ ይላል፤ አንዳንዴ ዲስኩ ጭራሽ ከኮምፒውተሩ ይጠፋል። «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል» ተብሎ ነበር፤ አልሞተም።

መጀመሪያ የሒሳብ ፋይሎቹ ወደ ሌላ ዲስክ ተገለበጡ። ይህ ሳይሆን ምንም ነገር አይነካም። ቀጥሎ የዲስኩ ጤና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ (CrystalDiskInfo) በተባለው የዲስክን ጤና በሚያሳይ ፕሮግራም ታየ (ቁጥሮቹ የሚወጡት በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በ16 መሠረት በሆነ አቆጣጠር፣ ስለሆነ ከፈንክሽን ሜኑ ወደ አስርዮሽ መቀየር ይሻላል)። በዝርዝሩ ላይ 05 የሚለው መስመር፣ ማለትም በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች (ዲስኩ መረጃ የሚይዝባቸው ትናንሽ ክፍሎች)፣ 0። ሲ5 (C5)፣ ማንበብ ያስቸገሩና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች፣ እሱም 0። ሲ7 (C7) ግን ፋይል በተገለበጠ ቁጥር ይጨምራል። ሲ7 የሚቆጥረው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል በመንገድ ላይ የተበላሸ መረጃን ነው። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የኬብሉ ወይም የመሰኪያው እንጂ በዲስኩ ውስጥ የሚሽከረከረው መረጃ የሚጻፍበት ሳህን አይደለም።

መፍትሔው፦ ኮምፒውተሩን ማጥፋት፣ ገመዱን ከሶኬት መንቀል፣ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘውን ባለ 7 ፒን የሳታ (SATA) ዳታ ኬብል መቆለፊያ ባለው አዲስ መቀየርና ሌላ ፖርት ላይ መሰካት፣ ባለ 15 ፒኑን የፓወር መሰኪያ አቧራውን አራግፎ ጠበቅ ማድረግ። ከዚያ ትልቅ ፋይል ገልብጦ ሲ7ን እንደገና ማየት። ቁጥሩ ወደ 0 አይመለስም፤ መጨመሩን ካቆመ በቂ ነው።

የጨመረው ሲ5 ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነው፤ ዲስኩ ላይ መጻፍ ወዲያው ቆሞ መረጃው በቶሎ መውጣት አለበት። በዚሁ ኬብል የሚሰካ ሳታ ኤስኤስዲም (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ዲስክ) ተመሳሳይ ችግር ሊያገኘው ይችላል።