የሆስፒታል ቢል ሲመጣ፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

አንዲት የማውቃት እህት እዚሁ አሜሪካ ሆዷን አሟት ኢመርጀንሲ ገባች። ጥቂት ሰዓት ተኝታ ወጣች። ከሳምንታት በኋላ የመጣው ቢል ብዙ ሺህ ዶላር ይላል። ኢንሹራንስ የላትም። ዕዳ እንቅልፍ ስለሚነሳት ገና የወጣላትን እቁብ ሰጠች፣ የጎደለውን በክሬዲት ካርድ ሞላችው። ማንንም አልጠየቀችም። እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ አትክፈሉ። ማለቴ፣ ወረቀቱን ደብቁት ማለት አይደለም፤ በደረሰ ቀን አትክፈሉ ነው። ኢንሹራንስ ካላችሁ ከኢንሹራንሱ የሚመጣ ሌላ ወረቀት አለ፣ ኤክስፕላኔሽን ኦፍ ቤኔፊትስ ይባላል። ቢል አይደለም። ሆስፒታሉ ስንት እንደጠየቀ፣ ኢንሹራንሱ ስንት እንደሸፈነና የእናንተ ድርሻ ስንት እንደሆነ ይነግራችኋል። ሁለቱ ካልገጠሙ ስልክ አንሱ።

ቀጥሎ አይተማይዝድ ቢል ጠይቁ። ስሙን እንዲሁ እንዳለ ተናገሩት። የተሰጣችሁ ነገር ሁሉ በየመስመሩ ከነኮዱ ተዘርዝሮ ይመጣል። ያልወሰዳችሁት መድኃኒት አለ? አንዱ ምርመራ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል? የኢመርጀንሲ ምርመራ ከ99281 እስከ 99285 አምስት ደረጃ አለው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዋጋውም ይጨምራል። ለቀላል ሕመም ሄዳችሁ 99285 ካያችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ዋጋው ለምን እንዲህ ይሰቀላል ለሚል፣ ሆስፒታሉ የራሱ የዋጋ ዝርዝር አለው። ኢንሹራንሶች ተደራድረው ከዚያ ብዙ ያስቀንሳሉ። የሚደራደርለት የሌለው ሰው ግን በመጀመሪያ የሚያየው ያንን ትልቁን ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የመጨረሻ ዋጋ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር። አሜሪካ ውስጥ ካሉት ሆስፒታሎች ግማሽ ያህሉ ለትርፍ ያልቆሙ ናቸው፤ የፌዴራል የገቢ ግብር አይከፍሉም። በምላሹ በ2010 የወጣው የጤና ሕግ (ብዙዎቻችን ኦባማኬር የምንለው) ግዴታ ጥሎባቸዋል። የመክፈል አቅም ለሌለው ሰው በጽሑፍ የተቀመጠ የእርዳታ ፖሊሲ ሊኖራቸው ይገባል። ፋይናንሻል አሲስታንስ ወይም ቻሪቲ ኬር ይባላል። ድረ ገጻቸው ላይ አለ፣ ቢሉም ላይ በትንሽ ጽሑፍ ይጠቀሳል። ዋናው መመዘኛ ገቢና የቤተሰብ ብዛት ነው፤ ማን እንደሚያልፍ ግን እያንዳንዱ ሆስፒታል ራሱ ስለሚወስን የአንዱን መልስ ለሌላው አትውሰዱ። ሥራ አለኝ፣ አይሰጡኝም ብላችሁም አትተዉት። ኢንሹራንስ ላለው ሰው ዲደክተብሉን (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚከፈለውን) የሚቀንሱ ፖሊሲዎችም አሉ።

ቅጹን ሙሉ፣ የደመወዝ ወረቀትና የታክስ ወረቀት አያይዙ፣ የሁሉንም ኮፒ አስቀሩ። ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ ከደረሳችሁ የመጀመሪያ ቢል ጀምሮ ለማመልከት 240 ቀን አላችሁ። በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ደግሞ ሆስፒታሉ ሊከሳችሁም ሆነ ለክሬዲት ቢሮ (የብድር ታሪካችሁን ለሚመዘግበው ድርጅት) ሊያስተላልፋችሁ አይችልም። ክሬዲት ካርድ የሚያስቆጨኝ በዚህ ነው፤ ካርዱ ላይ ያረፈ ዕዳ የባንክ ዕዳ ነው፣ የሕክምና ዕዳ የሚያገኘው ጥበቃ ለእሱ አይሠራም።

ከአንድ ጉብኝት ሦስት አራት ቢል ሲመጣ አትደንግጡ። ኢመርጀንሲ ያያችሁ ሐኪም ወይም ራጁን ያነበበው ብዙ ጊዜ የሆስፒታሉ ሠራተኛ አይደለም፤ ሌላ ድርጅት ቀጥሮ የሚልከው ነው። ሆስፒታሉ የትኞቹን ሐኪሞች እርዳታው እንደሚያካትት የመዘርዘር ግዴታ አለበት፣ ዝርዝሩን ጠይቁ። ኢንሹራንስ ላላችሁ ደግሞ ከጥር 2022 ጀምሮ የሚሠራ ኖ ሰርፕራይዝስ አክት የሚባል ሕግ አለ። ለድንገተኛ ሕክምና ከኔትወርክ ውጭ ያለ (ከኢንሹራንሳችሁ ጋር ውል የሌለው) ሐኪም ቢያክማችሁም በኔትወርክ ውስጥ ቢሆን ከምትከፍሉት ድርሻ በላይ ሊያስከፍላችሁ አይችልም። የመንገድ አምቡላንስ ግን በዚህ ሕግ አልተካተተም። ኢንሹራንስ የሌላችሁ በቀጠሮ ስትታከሙ አስቀድሞ የዋጋ ግምት በጽሑፍ ይሰጣችኋል፤ ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ካለፈ በ120 ቀን ውስጥ ክርክር መክፈት ትችላላችሁ።

ኢንሹራንስ አልሸፍንም ሲል ይግባኝ አለ፣ ብዙውን ጊዜ በ180 ቀን ውስጥ። እንቢታው የመጣበትን ደብዳቤ አትጣሉ። ሐኪማችሁ ሕክምናው ለምን እንዳስፈለገ አንድ ገጽ ቢጽፍላችሁ ብዙ ይረዳል።

ስልክ ስትደውሉ "አማርኛ ኢንተርፕረተር" በሉ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። እባካችሁ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የ12 ዓመት ልጅ የእናቱን ዕዳ መሸከም የለበትም። ያናገራችሁን ሰው ስም፣ ቀኑንና የተባለውን ጻፉ።

ቢል ፈርቶ ኢመርጀንሲ የሚቀር ሰው ካለ ደግሞ ንገሩት። ከ1986 ጀምሮ በሕግ ኢመርጀንሲ ያለው ሆስፒታል ማለት ይቻላል ሁሉ፣ ገንዘብ የለህም ብሎ ሳይመረምርና ሕመሙን ሳያረጋጋ ሊመልሰው አይችልም። ደረቱን እያመመው ቤት አይቀመጥ።

ያቺን እህት እኔ ያገኘኋት በአምስተኛው ወር ነው። 240ው ቀን ገና ነበርና እሑድ ከሰዓት ቡና አፍልታ ቅጹን አብረን ሞላን። ሆስፒታሉ የከፈለችውን መለሰላት። የሐኪሙ ድርጅት ግን ዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበረ አልመለሰም፣ ካርዱ ላይ የቀረውን ያንን ዕዳ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየከፈለች ነው።